ልብስ በእሳት ሲያያዝ

ገሳይ ማታ ማታ ብርድ ነው። ከደብረ ታቦር ወደ ነፋስ መውጫ የሚወስደውን መንገድ ይዞ የመጣ ሰው ያውቀዋል። ጉና ከ4000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከአጠገብ ቆሟል፤ ነፋሱም ከእሱ ይወርዳል። ክረምት ሲሆን ጉሙ ደጃፍ ድረስ ይገባል። በእንዲህ ያለ አገር ልጅ እሳት ቢወድ አይፈረድበትም። እኛም ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ዘማቾች የመጀመሪያውን ሳምንት ያሳለፍነው ምድጃ ከበን ነው። ያሳደሩን እናት፣ «ልጆቼ፣ ፊደል ልታስተምሩን ነው የመጣችሁ ወይስ ማገዶ ልትጨርሱብን?» እያሉ ይስቁብን ነበር።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣን አንድ ማታ የሆነ ነገር ነው። ወሩ ሐምሌ ነበር። የማታ ትምህርት ላይ ነን። ጎልማሶቹ የ«ሸ»ን ቤት እየቆጠሩ ሳለ ከበስተኋላ ካለው ቤት ጩኸት ተሰማ። ሮጠን ስንወጣ አንዲት የ7 ዓመት ያህል ልጅ የቀሚሷ ጠርዝ እየነደደ በደጁ ትሮጣለች። በኋላ እንደሰማነው፣ ከረመጥ ውስጥ ድንች ልታወጣ በምድጃው ላይ ስትንጠራራ ነው ልብሷ የተያያዘው። ቀሚሷ ስስ ነበር። ቤት ውስጥ ሳለች እሳቱ ከጉልበቷ በታች ነበር አሉ። ደጅ ወጥታ ነፋስ ሲያገኛት ግን ወደ ወገቧ ወጣ።

አሥር የምንሆን ሰዎች ተሰብስበናል። ሁላችንም የምንጮኸው አንድ ነገር ነው፦ «ውሃ! ውሃ!» እንስራው ባዶ ነው። እኛ ተማሪዎቹ አምስት ነን፤ ትምህርት ቤት የቆየንበት ዘመን ቢደመር 70 ዓመት ይሞላል። ነገር ግን እንደ ካስማ ተተክለን ቀረን። ያዳኗት ከከብት ጥበቃ የተመለሱ አንድ ሽማግሌ ናቸው። ገና የፊደል ገበታ የጀመሩ ተማሪያችን ናቸው። ዝናብ ያራሰውን ባናቸውን ከትከሻቸው አውርደው ልጅቱን ጠቀለሏት፤ መሬት ላይ አጋድመውም አንከባለሏት። ምራቅ እስኪዋጥ ድረስ እንኳ አልቆየም፤ እሳቱ ጠፋ።

ከዚያ ሌላ ጭንቅ መጣ። አንዷ ቅቤ ይዛ መጣች። ሌላው እበት ይለጠፍበት አለ። በዚህ ጊዜ እኛም ነቃን፤ «ቅቤ አይደለም፣ ውሃ ነው የሚያስፈልጋት» አልን። አያቷ፣ «በዚህ ብርድ ውሃ አፍስሳችሁ ልትገድሏት ነው?» ብለው ተቆጡን። ቁጣቸው ከፍቅር ነውና አልተቀየምንም። ከጎረቤት በጀሪካን ውሃ መጣ፤ አፈሰስንላት። በዚያው ሌሊት ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ጭኗ ላይ ጠባሳ ቀረ እንጂ ድናለች።

ከዳነች በኋላ፣ «ለምን ሮጥሽ?» ብለን ጠየቅናት።

«ወደ እማዬ» አለች። እናቷ በዚያ ሰዓት ጎረቤት ቤት ነበረች።

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሲፈራ ወደ እናቱ ይሮጣል። ጅብ ሲመጣ ይህ ያድነዋል። ልብሱ ሲነድ ግን ያንኑ ሩጫ ቢሮጥ ይሞታል። በፍርሃት ሰዓት ደግሞ ማንም አዲስ ነገር አይማርም። ስለዚህ ልጁ ሳይፈራ፣ እየሳቀ፣ በጠራ ቀን አስቀድሞ ሊማረው ይገባል። እንዴት እንደምናስተምረው ከመናገራችን በፊት ግን ምክንያቱን እናስረዳ። ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ትእዛዙን ቶሎ ይረሳል።

የእሳት ሦስት ጉልቻ

ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ይቆማል። አንዱን ጉልቻ ብታወጡት ምጣዱ ይወድቃል። እሳትም እንዲሁ ነው። የእሳት ጉልቻዎች የሚነድ ነገር፣ ሙቀትና አየር ናቸው። የሚነደው ነገር ጭራሮ ይሁን ቀሚስ ለእሳቱ ልዩነት የለውም። ከአየሩ ውስጥ ከአምስት እጅ አንዱ ያህል ኦክስጅን የሚባለው ነው፤ እሳት የሚኖረው በእሱ ነው። ውሃ ስናፈስ በተለይ ሙቀቱን ነው የምንነሳው። ስናፍነው ደግሞ አየሩን ነው።

ይህን እናንተ ከእኛ በፊት በሥራ ታውቁታላችሁ። ቀጥቃጭ ብረት ሲያግል ወናፍ ይነፋል። ወናፉ ዝም ሲል እሳቱ ይደክማል፤ ሲነፋ ይቀላል። እዚሁ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በ1850ዎቹ ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ መድፎች ተሠርተዋል፤ ሴባስቶፖል የተባለው ትልቁ መድፍ የፈሰሰው እዚያ ነው። እንዲያ ያለውን ማዕድን እንደ ውሃ የሚያቀልጥ እሳት ያለ ብርቱ አየር አይገኝም። እንግዲህ ልብሱ ተያይዞ የሚሮጥ ልጅ ለገዛ ልብሱ ወናፍ ሆነ ማለት ነው። በሮጠ ቁጥር ይነፋዋል።

አሁን ደግሞ ማታ እናት የምታደርገውን አስቡ። ፍሙን በአመድ ታዳፍነዋለች። ነበልባሉ ይጠፋል፤ አመዱ አየር ስለከለከለው ነው። ልጅ ተጋድሞ ሲንከባለል መሬቱ እንደ አመዱ ሆኖ ልብሱን ያዳፍነዋል። ግን አስተውሉ! ጠዋት አመዱን ስትገልጡት ፍሙ ቀይ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ልብስም ላይ ይኸው ሊሆን ይችላል። ነበልባሉ ጠፋ ብለን ስንተወው በስፌቱ ውስጥ፣ በመቀነቱ ሥር ፍም ሊቀር ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ተገልብጦ መነሣት አይበቃም፤ ደጋግሞ መንከባለል ያስፈልጋል። ከዚያም ውሃ ይፈስበታል፤ ልብሱም ይወልቃል።

መጋደሙ ራሱ ሌላ ጥቅም አለው። አንድ አዋቂ ክብሪት ይጫርና እሳቱን ወደ ታች አድርጎ ይያዘው። ነበልባሉ እንጨቱን ይዞ ወደ ላይ ይወጣና ጣቱን ሊፈጀው ይደርሳል። ሌላ ክብሪት ጭሮ አግድም ቢይዘው ግን ቀስ ይላል። እሳት ሽቅብ ይወዳል። ቆሞ የሚነድ ልጅ ወደ ታች እንደተያዘው ክብሪት ነው፤ እሳቱ ከእግር ወደ ደረት፣ ከደረት ወደ ፊት ይወጣል። ፊቱ ዘንድ ሲደርስ ልጁ ትኩሱን አየርና ጭሱን ይስባል። ያን ጊዜ ጉሮሮው ውስጥ ያብጣል፤ ይህም ከቆዳ ቁስል ይልቅ ይከፋል። ፊትን በእጅ መሸፈን የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ልብስም ከልብስ ይለያል። ነጠላ እንደ ስሙ ነጠላ ነው፤ አየር በቀላሉ ያልፍበታልና ቶሎ ይያዛል። ጋቢ ድርብርብ ስለሆነ ቀስ ይላል፤ ጫፉ ምድጃ ዳር ሲጎተት ግን እሱም ይያዛል፤ ባለቤቱም ውፍረቱን ተማምኖ ሙቀቱ እስኪሰማው ድረስ ሳያውቅ ይቀመጣል። ከበግ ጠጉር የተሠራ ባና ወይም በርኖስ በቀላሉ አይነድም። ሽማግሌው በባናቸው ያደረጉት ትክክል የሆነውም ለዚህ ነው፤ እርጥብ መሆኑም ረዳ። ዛሬ ከገበያ የሚገዛው ናይለንና ፖሊስተር ጠባዩ ሌላ ነው። ይቀልጣል፤ ቀልጦም እንደ ሙጫ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። የልጆች ልብስ ርካሽ ሆኖ መገኘቱ መልካም ነው፤ ግን እንዲህ ያለውን ልብስ ለብሶ ምድጃ ላይ መንጠራራት አደጋ አለው።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሎንግፌሎ የሚባል ስመ ጥር የአሜሪካ ገጣሚ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1861 ሚስቱ ቤቷ ውስጥ ቀሚሷ በእሳት ተያያዘ። ባልየው ምንጣፍ አንሥቶ ሊያፍነው ሞከረ፤ ምንጣፉ ትንሽ ሆነበት። እሷ በማግሥቱ ሞተች፤ እሱም ፊቱና እጁ ተቃጠለ። እንግሊዞች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1908 ባወጡት ሕግ ከ7 ዓመት በታች የሆነ ልጅን መከለያ የሌለው እሳት ባለበት ክፍል ትቶ ሄዶ ልጁ ቢሞት ወይም ክፉኛ ቢጎዳ አሳዳጊው እንዲቀጣ አደረጉ። ሕግ እስኪወጣ ድረስ ስንት ልጅ እንደነደደ አስቡት።

ቁም! ተጋደም! ተንከባለል!

በብዙ አገር ልጆች ትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ቃል ይማራሉ። ቃሎቹ በእኛ ቋንቋ «ቁም፣ ውደቅ፣ ተንከባለል» ማለት ናቸው። እኛም እንደ ወረደ ይዘን መጣን። በክፍል ውስጥ ስንናገረው ሴቶቹ አጉረመረሙ። አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ልጄን ውደቅ ልበለው እንዴ? ውደቅ ለጠላት ነው!» አሉን። እውነታቸውን ነው። በእኛ አገር «ውደቅ» እርግማን ነው፤ እናት በልጇ ላይ የማታወጣውን ቃል ልናስተምር ነበር። ተመካክረን «ተጋደም» አልነው። ለሴት ልጅ «ቁሚ! ተጋደሚ! ተንከባለይ!» ነው።

አሁን እንዴት እንደሚማሩት እንናገር። ከቤት ውጡ፤ ሣር ያለበት ለጥ ያለ ቦታ ፈልጉ። እውነተኛ እሳት ከቶ እንዳታሳዩበት። ቀይ የጨርቅ ቁራጭ በልጁ ልብስ ጠርዝ ላይ ሸጉጡ፤ «ይኸ እሳት ነው» በሉት። ከዚያ አዋቂው ራሱ አስቀድሞ ያሳይ። ልጅ ከተነገረው ይልቅ ያየውን ይይዛል። እኚያው ባለ ባናው ሽማግሌ ሣሩ ላይ ተጋድመው ሲንከባለሉ ልጆቹ በሳቅ ሞቱ፤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንዳቸውም አልረሱትም።

«ቁም» ሲባል ልጁ ባለበት ቀጥ ይላል፤ አይሮጥም፣ እሳቱንም በእጁ አያራግፍም። «ተጋደም» ሲባል መሬት ላይ ይዘረጋል፤ ሁለት መዳፉን ፊቱ ላይ ያደርጋል። «ተንከባለል» ሲባል እንደ ግንድ ወዲያና ወዲህ ይገለበጣል። እስከ መቼ? ልጆቹ ራሳቸው መላ አመጡ። በየግልብጡ አንድ ፊደል ይጠራሉ፤ ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ። ሰባቱ ሲያልቅ ከ«ለ» ይጀምራሉ። ሁለት ቤት እስኪያልቅ ከተንከባለሉ ይበቃል፤ እሳቱ አሁንም ካለ ሦስተኛውን ይቀጥላሉ። የፊደል ትምህርታችን እንዲህ ላለ ሥራ ይውላል ብለን አላሰብንም ነበር።

ቤት ውስጥ ከሆነ አንድ ነገር ይጨመራል። ልጁ የሚጋደመው ምድጃው ሥር አይደለም። አንድ ሁለት ርምጃ ከምድጃው ዞር ብሎ፣ ወደ በሩ ወይም ወደ መደቡ በኩል ይንከባለል። ይህን መጀመሪያ ረስተነው ነበር። አንድ ልጅ ቤቱ ውስጥ ሲለማመድ ወደ ረመጡ ሲንከባለል እናቱ ደርሳ ያዘችው። ጥፋቱ የልጁ ሳይሆን የእኛ ነው።

ሌላም ስሕተት አየን። አንድ የ5 ዓመት ልጅ ትኩስ ድንች ጣቱን ሲለበልበው ወዲያው ተጋድሞ መንከባለል ጀመረ። ሁሉም ሳቀ፤ እኛም ስቀናል። ግን ትምህርቱ ከልክ አልፎ ሰፍቶበታል። ልጆቹን እንዲህ ብላችሁ ለዩላቸው፦ ልብስ ሲነድ መንከባለል፤ ገላ ሲቃጠል ውሃ። ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ይህን ሁሉ አይለይም፤ ለእሱ መላው እሳት ዳር ብቻውን አለመተው ነው። 4 እና 5 ዓመት የሞላው ይማራል፤ ቶሎም ይረሳል። ስለዚህ በወር አንድ ጊዜ ይደገምለት።

አንዲት ተማሪያችን ጥያቄ ጠየቁን፤ «ሕፃን ያዘለች ልጅስ? እንዴት ትንከባለል?» አሉ። መልስ አጣን። እስካሁንም የተሻለ መልስ የለንም። ታናሿን ያዘለች ልጅ ብትንከባለል ሕፃኑን ትጨፈልቀዋለች፤ አንቀልባውን እስክትፈታ ደግሞ እሳቱ ይቀድማታል። ስለዚህ ያዘለች ልጅ እሳት አታንድ፣ ድስት አታውርድ። እናት ሥራ ሲበዛባት ይህ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ ቢሆንም ከሁለቱ አንዱን ትሥራ።

ስለ ልምጭም እንናገር። ልጅ በእሳት ሲጫወት ተይዞ ከተመታ፣ በሌላ ጊዜ ልብሱ ሲያያዝ የሚፈራው እሳቱን ሳይሆን አባቱን ነው። ይደበቃል። ከአልጋ ሥር፣ ከጎተራ ጀርባ ይገባል፤ አይጮህም። ጭሱ ነው የሚናገርበት። በእኛ አስተያየት ከክብሪቱ ይልቅ ይህ ያሰጋል። ክብሪቱን ከፍ አድርጋችሁ ስቀሉት፤ ልጁን ደግሞ «ልብስህ ከተያያዘ ጩህ፤ አንመታህም» በሉት፤ ቃላችሁንም ጠብቁ።

አዋቂው ምን ያድርግ?

የነደደው ልጅ እየሮጠ ከሆነ ያዙትና አጋድሙት። «እንዳልጥለው» ብላችሁ አትሳሱ። ጋቢ፣ ቡልኮ ወይም ባና አልብሱት። ስታለብሱት ከአንገቱ ጀምራችሁ ወደ እግሩ ውረዱ፤ ነበልባሉ ከፊቱ ይሸሻል። ከእግሩ ጀምራችሁ ብትሸፍኑት እሳቱን ወደ ፊቱ ትነዱታላችሁ። ላስቲክ ወይም ናይለን አታልብሱ፤ ይቀልጥበታል። ውሃ ቅርብ ከሆነ አፍስሱ፤ ሩቅ ከሆነ ግን ውሃ ፍለጋ አትሂዱ፤ መሬቱ አለላችሁ። እሳቱ ሳይጠፋ ልጁን ደረታችሁ ላይ አትቀፉት፤ የእናንተም ልብስ ይያያዛል።

እሳቱ ሲጠፋ ልብሱን አውልቁ። አምባር፣ መቀነትና ክታብ ሳይቀር አውልቁ፤ ገላው ሲያብጥ ያንቃሉ። ቆዳው ላይ የተጣበቀውን ጨርቅ ግን አትጎትቱ፤ ዙሪያውን ቆርጣችሁ ተዉት።

ከዚያ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ የተቃጠለው ቦታ ላይ ለ20 ደቂቃ አፍስሱ። ሰዓት የሌለው ሰው፣ ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስኪጣድ ድረስ ያፍስስ። ይህን የምንለው እሳቱ ከጠፋ በኋላም ሙቀቱ ሥጋ ውስጥ ስለሚቆይ ነው። ከምጣድ የወረደ ድስት ለጊዜው መፍላቱን እንደማይተው ሁሉ ገላም ከላይ ከጠፋ በኋላ ከውስጥ ይበስላል። ውሃው ያን ሙቀት ያወጣል፤ ሕመሙንም ያስታግሣል። ውሃ ካነሰ ከሥር ንጹሕ ገበቴ አስቀምጣችሁ የወረደውን መልሳችሁ አፍስሱ። ወዲያው ያላገኘ ሰው እስከ 3 ሰዓት ቢዘገይም ይጠቅመዋል። በረዶ ግን አይደረግበትም።

አያቲቱ የፈሩት ብርድ ከንቱ ፍርሃት አይደለም። የገሳይ ሌሊት ልጅን ያቀዘቅዛል። ውሃው የሚፈሰው በተቃጠለው ቦታ ላይ ብቻ ነው። የቀረው ገላው በደረቅ ጋቢ ይሸፈን። መንቀጥቀጥ ከጀመረ ውሃውን ትታችሁ አሙቁት።

ቅቤስ? ቅቤ ሙቀቱን አፍኖ ይይዘዋል። እበት፣ አመድ፣ ጭቃና የቡና ዱቄት ቁስሉን ያቆሽሹታል፤ ከእበትና ከአፈር ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ የሚባለው በሽታ ይገባል። ጥርስ ሳሙናም መድኃኒት አይደለም። ሐኪሙም ቁስሉን ለማየት ይህን ሁሉ መጥረግ አለበት፤ ጠረጋው ለልጁ ሁለተኛ ቃጠሎ ነው። ውሃ ያዘለውን እብጠት አታፍርጡ፤ ቆዳው የተፈጥሮ ፋሻ ነው። ከታጠበ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጋችሁ ሸፍኑት። ጣቶቹ ተቃጥለው ከሆነ በየመካከላቸው ጨርቅ አግቡ። አለዚያ ሲድኑ ይጣበቃሉ። አንገት የተቃጠለ ልጅም አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ ሊድን ይችላል፤ ይህን በኋላ ለመፍታት የቀዶ ሕክምና ያስፈልጋል።

ወደ ሐኪም የሚሄደው የትኛው ነው? የልጁ የራሱ መዳፍ ከነጣቱ ከገላው 100 እጅ 1 እጅ ያህል ነው። በዚያ ለኩ። ቃጠሎው 10 መዳፍ ከደረሰ በሆስፒታል በደም ሥር ፈሳሽ ሊሰጠው ይገባል፤ ገላው ውሃውን በቁስሉ በኩል ያጣልና። ፊት፣ እጅ፣ እግር፣ መገጣጠሚያ ወይም ኀፍረተ ሥጋ ከተቃጠለ ትንሽም ቢሆን መሄድ አለበት። ነጭ ሆኖ ወይም ጠቁሮ የማያመው ቁስል «ቀላል ነው» አይባል፤ የማያመው ነርቩ ስለሞተ ነው። ድምፁ የሻከረ፣ አፍንጫው ውስጥ ጥላሸት የታየበት ልጅ በዚያው ሰዓት ይወሰድ። መንገዱ ረጅም ከሆነና ልጁ ነቅቶ መዋጥ ከቻለ፣ ለተቅማጥ የሚሰጠውን ኦ.አር.ኤስ. በጥብጣችሁ በጥቂት በጥቂቱ አጠጡት። ጤና ጣቢያው እንዳየው ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል ሊልከው ይችላል፤ በጣም የከፋው ደግሞ የቃጠሎ ሕክምና ክፍል ወዳለው ወደ አዲስ አበባው የካቲት 12 ሆስፒታል እስከ መላክ ይደርሳል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ሰው በግልጽ አያወራውም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ምድጃ ላይ ሲወድቅ ጎረቤት «ይተላለፋል» ብሎ ሳይነካው የሚቆምበት ጊዜ አለ። አይተላለፍም። በንክኪም፣ በአረፋውም፣ በትንፋሹም አይተላለፍም። በሽታው የአንጎል ነው፤ በየቀኑ የሚዋጥ መድኃኒትም አለው። ጎትታችሁ አውጡት! እንዲህ ያለ ልጅ ወይም ሰው ባለበት ቤት እሳቱ ዝቅ ብሎ መሬት ላይ አይሁን።

ምድጃና ኩራዝ

በመሬት ላይ ያለ ባለ ሦስት ጉልቻ ምድጃ ዙሪያው ክፍት ነው፤ ነበልባሉ በየት በኩል እንደሚወጣ አይታወቅም። ምርጥ ምጣድ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራው ምድጃ እሳቱን ውስጡ ይይዛል። ማገዶውንም እስከ ግማሽ ይቀንሳል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይባላል፤ ወጡን እንጃ እንጂ ልጁን ያድናል። ይህን ያላገኘ ሰው ጭቃና ድንጋይ አድርጎ ምድጃውን እስከ አዋቂ ጉልበት ከፍ ያድርግ፤ በልጁ መቀመጫ በኩልም ዝቅተኛ ግንብ ይሥራለት። ልጆች የሚወዱትን ነገር ሁሉ፣ ድንቹንም ቆሎውንም፣ ከእሳቱ ማዶ አታስቀምጡ። ያቺን ልጅ ያስንጠራራት ይኸው ነው። የረጠበ ልብስ በምድጃው ላይ አይሰቀል፤ ሲደርቅ ይወድቃል።

የኩራዝ ነገር አጭር ነው። በብዙ ቤት በፀሐይ የሚሠራው መብራት ገብቶ ኩራዙ ወደ ጓዳ ሄዷል። ኩራዝ ያለው ግን ሲበራ አይሙላው፤ አጥፍቶ፣ አቀዝቅዞ ይሙላ። ነጭ ጋዝና ቤንዚን ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ ጠባያቸው ግን የበግና የነብር ነው። ቤንዚን በጉና ብርድ እንኳ ተኖ እሳት ይጠብቃል። ጋዙ ቤንዚን ቤንዚን ከሸተተ ኩራዝ ውስጥ አይግባ።

የቀረው ቡሄ ነው። በደብረ ታቦር ዙሪያ የቡሄን ደስታ ከልጅ መንጠቅ አይቻልም፤ እኛም አንሞክርም። የከተማው ስም ራሱ የበዓሉ ስም ነው። በነሐሴ 12 ማታ ልጆቹ ችቦ ሊያበሩ ሲሰናዱ ተገኝተን ነበር። ሽማግሌው ችቦውን አንድ በአንድ ራሳቸው ለኮሱ፤ የነጠላቸውን ጫፍ ያንዘላዘሉትን ልጆች አስቆመው አስታጠቋቸው፤ ጋዝ የነከረውን አንዱን ችቦ ጭቃ ውስጥ ረገጡት። ልጆቹ ክንዳቸውን ዘርግተው ነፋሱን በጀርባቸው አድርገው ሄዱ። ከሰልፉ ኋላ አያቲቱ ሙሉ ጀሪካን ተሸክመው ይከተሉ ነበር። እኛ እንቀበልዎት ብንላቸው እንቢ አሉ። የልጅ ልጃቸው ከፊት ሆና ችቦዋን ከፍ አድርጋ ይዛለች፤ ቀሚሷ በመቀነት ጠበቅ ብሎ ታስሯል።